የሾለ ቢላዋ በጎማ ጀልባ ላይ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ዛሬም አሸዋ። የሰንጢዬ ማጠፊያ ውስጥ ገብቶ ሲከፈት ይፋጫል። በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁት፣ በጨርቅ አደረቅሁት፣ ከፍቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። መካነ ሰላም ከተማ ያለው ልብስ ሰፊ ነው በብልቃጥ የሰጠኝ። የኑግ ዘይት አይሆንም። ሞክሬዋለሁ፤ ሲሰነብት ሙጫ ይሆናል።

ምጽዋ ሳለሁ ጠላቴ ጨው ነበር። ሳትጠርገው ያሳደርኸው ቢላዋ ጧት ዝጎ ይቆይሃል። ዓባይ ጨው የለውም፤ ደለል አለው። ውሃ ሁሉ የየራሱ ክፋት አለው።

አላማርርም፣ ማስታወሻዬ። ጆሮዬ ታሞ ከባሕር ኃይል ተሰናብቼ አገሬ ስገባ፣ መርከበኛ ደጋ ላይ ምን ሊያርስ ነው ብለው የሳቁ ብዙ ናቸው። ይኸው ሥራ ተገኘ። የጤና ጣቢያው የጎማ ጀልባ ኃላፊ ነኝ። ድሬሰሩ አቶ ተፈራ ማዶ ያለውን ሕዝብ ሊከትቡ ይሻገሩባታል። ክትባት በሌለ ቀን ገበያተኛ እናሻግራለን።

ወፍራም ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። ጀልባዋ በአጭር ገመድ እሱ ላይ ትታሰራለች። ረዳቴ ሰይድ ከፊት ሆኖ ወፍራሙን ይስባል፤ እኔ ከኋላ በመቅዘፊያ አቀናለሁ። ሰይድ ጀልባ ሳይመጣ በፊት ሰውን በተነፋ ስልቻ ያሻግር የነበረ ዋናተኛ ነው። ውሃውን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እኔ ገመዱን ከእሱ ይልቅ አውቃለሁ። ተስማምተናል።

ከአንድ ነገር በቀር።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ያ አንድ ነገር ጩቤው ነው። ከወገቡ አይለይም። ረጅም፣ ጫፉ እንደ እሾህ የሾለ። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የጎማ ጀልባ ሆዷ አየር ነው፤ ብትንሸራተት፣ ብትቀመጥበት፣ ማዕበል ቢመታህ፣ አለቀልን። የጀልባ ቢላዋ ስለት ይኑረው እንጂ ጫፍ አይኑረው። ባሕር ኃይል ውስጥ መጀመሪያ የተማርሁት ይህንን ነው።

ሰይድ ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጩቤውን በጨርቅ ይጠቀልልና ከቀኝ ወደ ግራ ያዞረዋል። ይኸው ነው መልሱ።

ተናደድሁ። ምሳ ሳልበላ ዋልሁ። ወደ ማታ ትልቅ ዓሣ ይዞ መጣ። አብሽር መርከበኛው፣ ብላ አለኝ። በላሁ። ንዴቴ ለቀቀኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ መ/ሰላም

ለቢላዋ ስል ወደ ደጋ ወጣሁ። ከዓባይ ሙቀት ወጥተህ እዚህ ስትደርስ ብርዱ በጥፊ ይመታሃል። ጋቢ ተውሼ ገበያ ገባሁ።

አንዱ ነጋዴ ከአ/አ የመጣ ሰንጢ አሳየኝ። የሚያብረቀርቅ፣ ብዙ ምላስ ያለው። መቀስ፣ መጋዝ፣ የቡሽ መንቀያ፣ ምኑ ቅጡ። ልጅ ያደርግሃል፤ እየከፈትህ እየዘጋህ መዋል ነው። ግን እያንዳንዱን ምላስ በጥፍር መንቀል ያሻል፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት እጅ። ጀልባ ላይ አንዱ እጅህ የገመዱ ነው። መለስሁለት። ነጋዴው አኮረፈ።

የእኔ ሰንጢ ሦስት ነገር ብቻ አለው። ምላጩ፣ የቆርቆሮ መክፈቻው፣ እና ረጥቦ የጠበቀ ቋጠሮ የሚፈታበት ወስፌው። ሦስቱም በየቀኑ ይሠራሉ። የማይሠራ ምላስ ዝገት ማከማቻ ነው።

ቀጥቃጩ እንድሪስ ዘንድ ሄድሁ። ለሰይድ ከመኪና ባሌስትራ የማይታጠፍ ቢላዋ እንዲሠራ አዘዝሁ። ግማሹ ለስላሳ ስለት፣ ግማሹ እንደ ማጭድ ጥርስ ያለው፤ የረጠበ ገመድ ለስላሳውን ያንሸራትተዋል፣ ጥርሱን ግን አያመልጠውም። እጀታው ላይ ለማሰሪያ ቀዳዳ። ጫፉ ድፍን። እንድሪስ ወናፉን ትቶ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሹል አድርግልኝ የሚል እንጂ አደንዝልኝ የሚል አልመጣበትም። ግን ገብቶታል። እንዲያውም ጥርሱ ወደ እጀታው በኩል ይሁን፤ ጉልበት ያለው እዚያ ነው አለ። ልክ ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ማዶ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። ተጣራን። መልስ የለም። ጀልባዋን ይዘን ስንቀርብ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ባዶዋን ተመለስን።

ሰይድን ጠየቅሁት። ጀልባዋን አሰረ። ከዚያ፣ እኔ ካለሁ አይገቡም አለ።

አባ ሙሄ ይባላሉ። ልጃቸው ሐሰን የሰይድን ታላቅ ወንድም እብሬን በግጦሽ መሬት ጠብ ገደለው። ሐሰን እጁን ሰጥቶ ተፈረደበት፤ ደሴ ወህኒ ነው። መንግሥት ጨርሷል፤ ዘመድ ግን አልጨረሰም። የሰይድ አጎት ይመር፣ ልጁ ባይገኝ አባቱ አለ ይላሉ። ጩቤው የእብሬ ነው።

ምን ልበል። እስከ ዛሬ ስለ ጎማ ስነግረው ኖሬአለሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ቢላዋው ደረሰ። ያምራል። ሰይድ ያረጀ ገመድ ላይ ሞከረው፤ እንደ ጎመን ቆረጠው። ፈገግ አለ። እጀታውን አገላበጠ፣ ማሰሪያውን ወገቡ ላይ ለካ። ደስ አለኝ።

ከዚያ መለሰልኝ። የወንድሙን ደም ያልመለሰ ሰው ደንዛዛ ቢላዋ ታጥቆ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አንተ አታውቅም አለ። ወላሂ ቢላዋውን ወድጄዋለሁ፣ ግን የሚጠይቁኝ ጫፉን ነው።

አልጨቀጨቅሁትም። ሞራ ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድንኳን ውስጥ ካለው የዕቃ ሳጥን አስቀመጥሁት። ጩቤውን ግን ጀልባ ላይ እንዳላየው አልሁ። እሺ አለ። እውነትም ወደ ማታ ስንሻገር ወገቡ ላይ አልነበረም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ልብሴ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

ጧት አባ ሙሄ ማዶ ብቅ አሉ። ሴት ልጃቸው እዚያ ተድራ ወልዳ ሊጠይቁ ሄደው ነበር፤ ስንቃቸው አልቋል፣ ሌላ መንገድ የለም። በዚህ ጊዜ ወደ ዛፉ አልሸሹም። ሰይድን አየሁት። ገመዱን ያዘና እንሂድ አለኝ።

ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ፤ መሀል ተቀመጡ። ሰላምታ የለም። ሰይድ ጀርባውን ሰጥቶ ይስባል። እኔ ስለ ውሃው ቅላት አንድ ሁለት ነገር አወራሁ።

መሀል ላይ ግንድ መጣ። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ። ወፍራሙን ገመድ መታውና እንደ ደጋን ለጠጠው። አጭሩ ገመድ ጀልባዋን በጎኗ ወደ ውሃ ጎተታት። ውሃ ይገባል። አጭሩ ካልተቆረጠ መገልበጣችን ነው። ሰንጢዬ ወገቤ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከኋላ ነኝ፣ ሽማግሌው መሀል ናቸው፤ ብነሣ ያው መገልበጥ ነው።

“ሰይድ! ቁረጠው!”

ከሸሚዙ ሥር ጩቤውን መዘዘ። ለካ አልተወውም ነበር። ዞረ። መዞር ነበረበት፤ ገመዱ የታሰረበት ቀለበት ከሽማግሌው ጉልበት አጠገብ ነው።

አባ ሙሄ ጩቤውን አዩ። እጃቸውን እንኳ አላነሡም። ዓይናቸውን ጨፈኑና ሊሞቱ ነውና ሸሃዳቸውን ያዙ፤ ቀስ ብለው፣ ቤታቸው መስገጃቸው ላይ እንዳሉ።

ሰይድ ቆመ። አዎ፣ ቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

“እግርዎን ይሰብስቡ፣ አባ” አለ።

ሰበሰቡ። ቆረጠው።

ጀልባዋ ተፈናጠረች፣ ሰይድ በግንባሩ ተደፋ፣ ጫፉ ጎማውን ወጋው። የአየሩን ፉጨት በዚህ በታመመ ጆሮዬ እንኳ ሰማሁት። ጩቤውን ውሃ ወሰደው። ሰይድ መዳፉን ቀዳዳው ላይ ጫነ። አባ ሙሄ ጥምጣማቸውን ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ ከእጁ ሥር አስገቡለት። ከዚያ የራሳቸውን እጅ በላዩ። ሁለቱ እንዲያ ተጭነው፣ እኔ እየቀዘፍሁ፣ ታች ካለው አሸዋ ላይ ወጣን። ጎማዋ ሁለት የአየር ክፍል ያላት መሆኗ ነው ያተረፈን።

ሽማግሌው ከወንዙ ታጥበው ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ጥምጣማቸውን ሳይጠይቁ ወደ ደጋ ወጡ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ጎማዋን አደረቅሁ፣ በሸካራ ድንጋይ ፋቅሁ፣ ሙጫ፣ ልጥፍ፣ በላዩ ከባድ ድንጋይ። ነገ አየር እሞላና አያለሁ።

አቶ ተፈራ ሰምተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ጀልባዋ የመንግሥት ናት። ሹል ነገር የተከለከለ ነው፣ ሰይድ ይሰናበት አሉ። እኔስ ምን ልበል? ያለዚያ ጩቤ ሦስታችንም የአዞ ቀለብ ነበርን። በዚያው ጩቤ ደግሞ ልንሰምጥ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ነገርኋቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው አሉ።

ጀልባ ከፊትም ከኋላም ቢላዋ ያስፈልጋታል አልሁ። የፊተኛው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር። እምቢ ሲለኝ ከፊት ቀለበት ላይ ራሴ ማሰር ነበረብኝ፤ የጀልባዋ ዕቃ ነውና የሰይድን ፈቃድ አይጠይቅም። አቶ ተፈራ ልጥፉን ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ፣ ክትባቱ እስኪያልቅ ይሥራ ብለው በቅሏቸውን ጫኑ።

ቢላዋውን አወጣሁት። ከፊት ቀለበት ላይ አሰርሁት።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ልጥፉ ያዘ። አንዲት አረፋ የለም። ለራሴ ዘፈንሁ።

ደስታዬ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ። አጎት ይመር ወረዱ። አባ ሙሄ የሆነውን ሁሉ ለአበጋሩ ለሼህ አሊ ነግረው ኖሯል፤ ደም የሚያደርቁ፣ ከአባት ከአያታቸው የወረሱት አስታራቂ ናቸው። ወሬው እስከ ከላላ ደርሷል። እንደ አጎትየው የሚጮህ ሰው አይቼ አላውቅም።

“ረቢ እጅህ ላይ ጥሎልህ ለቀቅሃቸው? የእብሬ ደም ውሃ ሆነ?”

ሰይድ ገመድ እየጎነጎነ ነበር። ቀና አላለም።

“አልጣለልኝም፣ አጎቴ። ተሳፋሪ ነበሩ።”

አጎት ይመር እኔን አዩኝ፣ ወንዙን አዩ። ውሃ ጠጥተው ሄዱ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ መ/ሰላም

ምስክር ተብዬ ወጣሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። የሰይድ ወገን በአንድ በኩል፣ የአባ ሙሄ ወገን ራቅ ብሎ ራሱን ደፍቶ። ዱዓ ተደረገ። ያየሁትን ተናገርሁ። አንድ ነገር ዘለልሁ፤ ሰይድ ጩቤውን ይዞ መቆሙን።

አባ ሙሄ ተነሡ። መርከበኛው አሳምሮታል አሉ። ሰይድ ቆሞ ነበር። ዓይኔን ከመጨፈኔ በፊት ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ሊገድለኝ ነበር። ያልገደለኝ ሳያስበው አይደለም፣ አስቦት ነው። ይህ እንዲታወቅለት እፈልጋለሁ።

ሁሉም ወደ ሰይድ ዞረ። ፈራሁለት። “አዎ፣ ቆሜ ነበር” አለ። አጎት ይመር ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ይሁን ሲቆጡ አላውቅም።

ሼህ አሊ ለረጅም ጊዜ ሙሰባሃቸውን ቆጠሩ። ከዚያ ፈረዱ። የጉማውን፣ የደም ካሳውን፣ ነገር ሽማግሌ ይጨርሰዋል፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ የሚለው ቃል ግን ከገደለው ሰው አፍ መውጣት አለበት። አባት በልጅ ፈንታ አይለውም። ሐሰን ደግሞ ደሴ ወህኒ ነው። ማን ሄዶ ይስማ?

ሽማግሌ ይላክ ያሉ አሉ። ሰይድ፣ ራሴ ሄጄ እሰማለሁ አለ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጀልባዋን ከውሃ አወጣናት። አዲሱ ወፍራም ገመድ እስኪመጣ ሥራ የለም፤ አቶ ተፈራም ፈቅደዋል። ቢላዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀባሁ። ሳጥኑን ቆለፍሁ።

ሰይድ ሲረዳኝ ውሎ ወደ ማታ አጠገቤ ተቀመጠ። ነገ ከአባ ሙሄ ጋር ይነሣል፤ እሳቸው መንገዱንም ወህኒውንም ያውቁታል። እስከ አቀስታ በእግር፣ ከዚያ የጭነት መኪና ከተገኘ። ረጅም መንገድ ነው። አብረኸኝ ና አለኝ።

ለምን አልሁት። መንገዱን ያውቁታል፣ ስንቅ አለህ፣ ሰላም ወርዷል።

“ጀልባ ላይ አንድ ትንፋሽ ነበር” አለ። “ይኼ ግን ስንት ቀን ነው። ዳገት ለዳገት፣ ከኋላቸው ሆኜ ጀርባቸውን እያየሁ። ሐሳቤ ቢለወጥ ማን ይይዘኛል?”

ሐሳቡ የሚለወጥ ሰው እንዲህ አይጠይቅም ልለው ነበር። ተውሁት። እሱ የጠየቀው ሰው ነው፤ ምክር አይደለም።

እሄዳለሁ። ወስኛለሁ፣ ማስታወሻዬ። አንተን እዚሁ ትቼህ ነው የምሄደው።

ለሰይድም፣ እንግዲያው በቅሎ እንከራይ፣ አባ ሙሄ ይቀመጡባት፣ በቅሎዋን እኔ ልሳብ፣ አንተ ራቅ ብለህ ከኋላ ተከተል አልሁት። ጥሩ መላ መሰለኝ።

ሰይድ እምቢ አለ። ልጓሙን የምይዘው እኔ ነኝ አለ። ጀርባዬን እሳቸው ይዩት፤ ከኋላ አንተ ሁን።