ፊትና መታወቂያ የማይገጥሙበት ኬላ

ይድረስ ለክቡር ጀናቡ፣ ከባሱንዳ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ላለው ኬላ አዛዥ
ጥር 1999 ዓ.ም.፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

እንደምን ከርመዋል? እኛ አልሐምዱ ሊላህ፣ ከኬላዎ ወዲህ ያለነው ሁሉ ደኅና ነን። በተለይ ቀኝ እጅዎ እንዲበረታ ዱዓ አደርጋለሁ፤ እሱ ሲደክም በግራዎ እንደሚመቱና ግራዎ ደግሞ ዒላማ እንደሚስት በመንገዱ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ሳብሪን ነኝ፤ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ የማነሣው። አማርኛን ከጩኸታችን ተምረው፣ ማንበቡን ደግሞ ከኪሳችን በሚወስዷቸው ደብዳቤዎች እንዳሻሻሉ ስለማውቅ በቋንቋዬ ብጽፍልዎ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ። ሌላውም እንዲማርበት ግልባጩን በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ ሙያ ላመስግን። ታምሬ የሚባለው የጎንደር ሰው ባሱንዳ ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ ያለ መታወቂያ ኬላዎ ላይ በተገኘ ጊዜ፣ አፍንጫውን ሰብረው ቅንድቡን ከተረተሩት በኋላ መታወቂያ እንዲያወጣ በራስዎ መኪና ሱቄ ድረስ ማምጣትዎ የማይረሳ ቸርነት ነው። ደም ያለበት ፎቶ መሥሪያ ቤቱን ያሰድባል ብለው ደሙንና ቁስሉን ከፎቶው ላይ እንዳጠፋ አዘዙኝ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረኝ የፎቶ ማስተካከያ አምስተኛው ፎቶሾፕ ነበርና፣ በፎቶው ላይ ሌየር የሚባለውን ባዶ ንጣፍ እያነጠፍኩ፣ ከደኅናው ጉንጩ ቆዳ እየቀዳሁ ቁስሉን ስሸፍን ዋልኩ። ዱላዎን ጣቶቼ ላይ ባያሳርፉ ኖሮ እስከ ዛሬ ዘገምተኛ ሆኜ በቀረሁ ነበር። ታምሬም አፍንጫው ተቃንቶ ሙሽራ መስሎ ወጣ።

ሁለተኛ፣ ይኸው ታምሬ መታወቂያዬን ይዣለሁ ብሎ በኩራት ወደ መተማ ሊሻገር ሲሄድ፣ ወታደሮችዎ የካርዱ ሰውዬ አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ የቆመው ግን የተጣመመ ሆኖ ስላገኙት፣ የሰው መታወቂያ ሰርቀሃል ብለው የፊት ጥርሶቹን አረገፏቸው። ፊቱ ከካርዱ ያልገጠመ ሰው ከመጠየቁ በፊት ይመታ የሚለው ትእዛዝ የእርስዎ መሆኑን ስሰማ አደነቅሁ፤ ጥያቄ ጊዜ ይፈጃል።

እንደገና አመጡት። እንደ ሞኝ፣ ጠባሳው ይቅርለት፣ ራሱን ይምሰል ብዬ ለመንኩዎ፤ መልሱን በጥፊ ስለሰጡኝ ግራ ጆሮዬ እስካሁን ያስታውሰኛል። ሰባተኛውን ፎቶሾፕ ከሰላ ከተማ ካለው ወንድሜ አስመጥቼ ነበር፤ ቁስልን ከዙሪያው ቆዳ ጋር የሚያዋሕድ ብሩሽ አለው፣ ጥርስ ግን አያበቅልም። ስለዚህ ጋረደው ከሚባል ሌላ ደንበኛዬ ፎቶ ላይ ጥርስ ቆርጬ፣ በሌላ ሌየር ገጠምኩለት። ታምሬ ኬላው ላይ ባዶ ድዱን ሲከፍት የሆነውን እርስዎ ያውቃሉ፤ ክንዱን የሰበሩት በራስዎ እጅ ነውና።

አሁን ሱቄ ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። ሚስቱ ኮከብ መተማ ላይ ወንድ ወልዳለች፣ የልጁ ክርስትና ሊደርስ ነው፣ አባትየው ግን መሻገር አልቻለም። እውነቱን ልናገር፣ ሲያቃስት ስሰማ ደሜ ይፈላል። አዲስ ፎቶሾፕ በያዝኩ ቁጥር ፎቶው ያምራል፤ ፎቶው ባማረ ቁጥር ሰውዬው ይደበደባል።

ሦስተኛ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። እባክዎ እንደተሰባበረ ላንሣውና ተሻግሮ ልጁን ይይ። ፊቱን እንዲህ አድርገው የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ በእጅ ሥራዎ አያፍሩ።

ሳይመቱኝ ቢመልሱልኝ እንደ ሹመት የምቆጥረው፣ ጣቶቼ በዱላዎ የተቃኙ ታዛዥዎ፣
ሳብሪን፣ ከፎቶ ቤቷ

ማሳሰቢያ፦ ለአዲሱ የማዕረግ መታወቂያዎ የተነሡትን ፎቶ ሹፌርዎ ትናንት ወስዶታል። ግንባርዎ ላይ ያለውን ያን ትልቅ ጠባሳ ባዘዙኝ መሠረት አጥፍቼ፣ ዕድሜዎንም ቀነስ አድርጌልዎታለሁ። ኬላው ላይ እርስዎን በዓይን የማያውቁ አዳዲስ ወታደሮች መግባታቸውን ሰምቻለሁ፤ ትእዛዝዎን ግን ጠንቅቀው ይዘዋል ይላሉ። አደራ ጀናቡ፣ በሲቪል ልብስ እንዳያልፉ።