የአምስተኛው ክር ማጉረምረም

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ከአምልኮ መልስ። ክረምቱ ወጥቷል፣ የ18 ማዞሪያ ጭቃ ግን አልሰማም መሰለኝ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። አባዬ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው፣ ስልኩ ትራሱ ላይ። ፕሮግራሙን በላይቭ ሲከታተል አርፍዷል።

"ሩሂ፣ ዛሬ አልተጫወትሽም እንዴ?"

ስድስት መዝሙር! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጣቶቼ ላይ ክሩ የሠራው መስመር ገና አልጠፋም፣ አሳየሁት።

"ኪቦርድ መስሎኝ ነበር…" አለ። 

ጊታሯን የሠራት እኮ እሱ ነው። አናጢው ማርቆስ። የዛሬ ዐሥር ዓመት ሳንባውን ታሞ "ጌታ ካነሣኝ" ብሎ ተሳለ። ሲድን ፊቷን ከጽድ፣ ጎንና ጀርባዋን ከዋንዛ አድርጎ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ሲልግ ከርሞ ለቤተክርስቲያን ሰጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እጫወትባታለሁ። በድሮው የቆርቆሮ አዳራሽ ሽቦ ምን ያደርግላታል፣ እስከ ኋላ ወንበር ትሰማ ነበር። አዲሱ አዳራሽ ግን ስምንት መቶ ሰው ይይዛል። መስከረም ላይ ስንገባ ሆዷ ውስጥ ድምፅዋን ወደ ስፒከር የሚያስተላልፍ ፒክአፕ ተለጠፈላት። ይኸው፣ የገዛ አባቷ አላወቃትም።

ልቡ ደክሟል። ከአልጋው እስከ ባኞ ቤት ሁለቴ ያርፋል። ሐኪሙ ለእኔና ለአክስቴ ለእሙ ኮሪደር ላይ የነገረንን አልጽፈውም።

ወራት ነው የቀረው። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከሥራ ወጥቼ ከቤቴል በታክሲ አየር ጤና ወረድኩ፣ ጌድዮን ሱቅ። ሳምንቱን ስልክ ይጠግናል፣ እሑድ የቤተክርስቲያናችን ድምፅ ማስተካከያ፣ ሚክሰሩ ላይ ይቀመጣል።

"የጊታሯ ድምፅ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ነው የሚመስለው" አልኩት።

"ፒክአፑ የሚሰማው የተለጠፈባትን ቦታ ብቻ ነዋ። ሳንቲም የምታህል ቦታ። አንቺ የምትሰሚው ደግሞ መላ እንጨቱን ነው፣ አየሩን፣ ክፍሉን…"

"ታዲያ?"

"እንሞክራለና!"

የዚህ ልጅ ነገር ሁሌ እንሞክራለና ነው። ባይሞክርስ ማን አለኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጌድዮን ሚክሰሩ ላይ የድምፁን መሃል ቀነሰ፣ ከታች ጨመረ፣ ከላይ ቆረጠ። ቤት ስገባ እንዳልተሳካ የአባዬን ፊት አይቼ ነው ያወቅኩት።

"የሽቦ አጥር በዱላ ሲመቱት ይመስላል… ማጉረምረሟ የት ገባ?"

ምን ማጉረምረም? ብጠይቀው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ፓስተሩን አስፈቅጄ አንድ ቀን ጊታሯን ላምጣልህ አልኩት። እዚሁ አልጋህ አጠገብ ቁጭ ብዬ ልጫወትልህ። እንዴት ተቆጣ! ጉልበት የሌለው ሰው ቁጣውን ከየት እንደሚያመጣው።

"ለጌታ የሰጠሁትን ለጆሮዬ ብዬ ላስመልስ? ከዚያ ቤት አትወጣም። የምፈልገው ሕዝቡ ሲያመልክባት መስማት ነው።"

ጠዋት ለእሱ ብዬ ስልኬን መድረኩ ላይ እግሬ ሥር አድርጌ ብቀዳ ከበሮ ብቻ ቀዳልኝ። ግትር አባት፣ ደደብ ስልክ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ ስቄያለሁ። ይጻፍ፣ ብርቅ ነውና።

ጌድዮን አዳራሹ ውስጥ የጊታሯን ክሮች ፈትቶ እጁን ሆዷ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ጣቱ ያብረቀርቃል። አሸተተው። "ዘይት ነው" አለ። የምን ዘይት? ተያየን። ጋሽ ደሜ!

መስከረም ላይ አዳራሹ ሲመረቅ ሽማግሌያችን ጋሽ ደሜ መሣሪያዎቹን ሁሉ ዘይት እየቀቡ ጸልየዋል። ጆሲ ብልጡ፣ ኪቦርዱ ላይ ላስቲክ አለበሰ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እላለሁ። እሳቸው ጠርሙሱን ክሮቹ በሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ላይ ዘቅዝቀውታል ለካ። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ የፒክአፑን ማጣበቂያ አራሰው። ግማሹ ተላቆ ተንጠልጥሏል።

በአልኮል ጠርጎ እንደገና ለጠፈው። ክሩን ስመታው… እንጨት! እውነተኛ እንጨት። ግን አምስተኛው ክር ላይ ግርር የሚል ነገር አለ፣ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ጠጠር። ፒክአፑ በደንብ ስላልያዘ ነው አልን። ጌድዮን ሚክሰሩ ላይ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው።

"ልቁረጠው?"

"ቁረጠው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ለአባዬ የዘይቱን ነገር ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። "ለደሜ እንዳትነግሪው፣ ሳይበላ ይሰነብታል" አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ጆሲ እንኳ "ዛሬ ንጹህ ነው እኅት ሩሃማ" አለኝ። ከማዞሪያው እስከ ቤት በሩጫ።

አባዬ፦ "ቆንጆ ነው። የማንን ጊታር ተዋሳችሁ?"

ባኞ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አባዬ ዛሬም አልበላም። እሙ ሾርባ ይዛ መጥታ ይዛው ተመለሰች።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ፒክአፑን ተወነው። ጌድዮን ማይክ ፊት ለፊቷ አቆመ፣ ስፒከሮቹ ከጀርባዬ። ሁለት መዝሙር ደህና ሄደ። ሕዝቡ በአንድነት ድምፁን አሰምቶ መጸለይ ሲጀምር ጌድዮን ጊታሯ እንድትሰማ ብሎ ማይኩን ከፍ አደረገው። ጩኸት! ጆሮ የሚበሳ፣ ማይኩ የስፒከሩን፣ ስፒከሩ የማይኩን እየተቀባበሉ።

ጋሽ ደሜ እጃቸውን ወደ መድረኩ ዘርግተው፦ "በኢየሱስ ስም ዝም በል! ውጣ!"

በዚያችው ቅጽበት ጌድዮን ሽቦውን ነቀለ። ዝም አለ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው።

ምን ላድርግ? መድረኩ ላይ ቆሜ፣ አጋንንት የወጣላት ጊታር ታቅፌ። አባዬ በስልኩ ሁሉንም ሰምቷል። ዛሬ ግን አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። በደግ ቃል ነው የነገሩኝ፣ ደግ ቃል ደግሞ አያስቀይም አያስታርቅ። የጆሲ ኪቦርድ ውስጥ የጊታር ድምፅ አለ። ጥርት ያለ ነው። አይጮህም። "አንቺም አባትሽን ታስታምሚያለሽ፣ እረፊ።" ከገና በፊት ያለው እሑድ፣ ታኅሣሥ 27፣ የልጆች ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 20 የመጨረሻዬ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ ደሜ" ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ለአባዬ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

እግሩ አብጧል። ሦስት ትራስ ደርበን ነው የሚተኛው። ስለ ጊታሯ መጠየቁን ትቷል። ይሄ ከሁሉም ይብሳል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ከሥራ ቀርቼ አብሬው ዋልኩ። ቀትር ላይ ፂሙን ስላጨው ድንገት ጀመረ።

"ሩሂ፣ እኔ ለጌታ ነውር ያለበት መሥዋዕት ነው የሰጠሁት።"

ምላጩን አነሣሁ። ምን ማለትህ ነው?

ጊታሯ ውስጥ ፊቷን የሚደግፉ ቀጫጭን እንጨቶች አሉ። አንደኛው በደንብ አልተጣበቀም። ክር ወጥሮ መጀመሪያ የሞከራት ቀን አምስተኛው ላይ አጉረመረመችበት። ለመፍታት አስቦ ነበር፣ ግን ለእሑድ ተነግሯል፣ ፓስተሩ ለሕዝቡ አስታውቋል። አፈረ። ዝም ብሎ ሰጠ።

"ዐሥር ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ቁጭ ብዬ ስሰማት… መጀመሪያ ያመኝ ነበር። በኋላ ግን ሕዝቡ ይዘምራል፣ ሰው ይድናል፣ እሷ ከሥር ታጉረመርማለች። እንዲህ ሆናም ተቀብሎኛል ማለት ነው አልኩ። እሷን ስሰማ ነበር ልቤ የሚያርፈው። አሁን ልሄድ ስል ጠፋችብኝ።"

እና እኔ? ዐሥር ዓመት የቆርቆሮው ጣሪያ ነበር የሚመስለኝ! ከበሮው ሲመታ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ያ ነው ብዬ። ጊታሯ ከአዳራሽ ወጥታ አታውቅ፣ በየት ልወቅ? ማጉረምረሟ ሲመጣም "ቁረጠው" አልኩ። በአፌ። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ እጁን ይዤ ቀረሁ።

የፊታችን እሑድ ትሰማታለህ አልኩት። ቃል ገባሁ። ምን ቤት ሆኜ ነው ቃል የምገባው?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ልምምድ። ለጌድዮን ሁሉንም ነገርኩት። ፀጉሩን አከከ።

"ሰው ስፒከሩ ተቀደደ ነው የሚለው እኮ።"

"ይበል።"

"ጋሽ ደሜ…"

"ይገሥጿት።"

ፒክአፑን መለሰ። የቆረጠውን ሁሉ ከፈተ። ማይኳንም ከሩቅ፣ በትንሹ፣ ለአየሩ ብቻ ጨመራት። አምስተኛውን ክር ሳልይዘው መታሁት። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ጉርርር… አለች። ሽቦ የለ፣ ፌስታል የለ። የአባዬ ጊታር ናት፣ ከነነውሯ። ጌድዮን ከሚክሰሩ ጀርባ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ደስ አለን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ሦስተኛው መዝሙር ላይ ለቀቅኳት። ስምንት መቶ ሰው ይዘምራል፣ እሷ ከሥር ታጉረመርማለች። ፊት ወንበር ያሉት ወደ ስፒከሩ ዞሩ። ጆሲ በዓይኑ ምንድነው አለኝ። ጋሽ ደሜ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ምን አገባኝ! እንደዛሬ ተጫውቼ አላውቅም።

ቡራኬውን ሳልጠብቅ ወጣሁ። በሩን ስከፍት እሙ አጠገቡ ቁጭ ብላለች፣ ስልኩ ጆሮው ላይ።

"ሰማሃት?"



"ንጹህ ነበር ልጄ" አለ። "በጣም ንጹህ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ንጹህ? እንዴት ንጹህ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ጌድዮን ደወለ። ገብቶታል። ላይቩን የሚያስተላልፈው ስልክ ጫጫታ የመሰለውን ነገር በራሱ አጣርቶ ያስወጣል። እንዲህ ተደርጎ ነው ከመጀመሪያው የተስተካከለው፣ የመኪና ጥሩምባ እንዳይገባ። እሷንም ጫጫታ ነሽ ብሎ አስወጣት።

ስምንት መቶ ሰው ሰማት። አንድ ሰው አልሰማትም።

ለአባዬ ነገርኩት። "ነበረች አባዬ፣ አዳራሹ በሙሉ ሰምቷታል፣ ስልኩ ነው።"

"እሺ ልጄ" አለኝ። ራሴን ዳበሰኝ። ሕፃን ሆኜ ጥርሴ ሲነቀል እንዲሁ ነበር የሚለኝ። አላመነኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

አባዬ አረፈ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።

እሑድ፣ ጥር 25

አምልኮ አልሄድኩም። ስንተኛ እሑዴ ነው? ከሰዓት በኋላ ጌድዮን መጣ፣ ጊታሯን ተሸክሞ።

ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ነው አለ። ኪቦርዱ ስለሚበቃ፣ ዕቃ ቤት አቧራ ከሚበላት ለቤተሰቡ መታሰቢያ ትሁን ብለው። ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ ደሜ ናቸው። ደግ አስበው ነው፣ አውቃለሁ። አባዬ አንድ ቀን እንኳ ቤት እንዳትገባ የከለከላት ጊታር አሁን አልጋው ላይ ተጋድማለች። ፍራሹን ሰጥተነዋል፣ ጣውላው ብቻ ነው ያለው።

ጌድዮን ሻይውን ሳይጨርስ ከቁልፎቹ መሃል አንዲት ፍላሽ ፈትቶ አወጣ።

"እሑድ እሑድ ከሚክሰሩ በቀጥታ የምቀዳው አለ፣ ለመዝገብ። የታኅሣሥ 20ውም አለበት። ማስታወሻ ከሆነሽ ብዬ…"

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው። ሦስተኛው መዝሙር። ሕዝቡ፣ ከበሮው፣ የጆሲ ኪቦርድ። ከሁሉም ሥር እሷ። ስልክ ያልነካት፣ ምንም ያልተቆረጠባት። ታጉረመርማለች። ቤቱን ሞላችው።

መጀመሪያ የገባው ለጌድዮን ነው። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ሩሃማ… አላሰብኩትም። በእግዚአብሔር ስም፣ አላሰብኩትም።"

እኔም አላሰብኩትም። ጥፋቱን ለብቻው አልሰጠውም። መዝሙሩ እስኪያልቅ አንዳችንም አላጠፋነውም።

የተቀዳው እሑድ ነው። አባዬ ያረፈው ሐሙስ። አራት ቀን ሙሉ ፍላሿ ከሱቁ ቁልፍ ጋር ታስራ የጌድዮን ኪስ ውስጥ ነበረች።

ከአየር ጤና እኛ ቤት በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው።