እህቴ እንዲህ አትልም

ኅዳር 3
ዛሬ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰውኛና እንቶኔ ዘይቤ ተማርን። ግዑዙን ማናገር፣ የሌለውንም ሰው። መምህሩ ዴስኩን መታ መታ አድርጎ፣ "ይሄ አፍ ቢኖረው ምን ይላችሁ ነበር?" አለ። "በሕግ አምላክ ተነሱልኝ!" አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ። የቤት ሥራ ሰጠን፦ የሌለ ሰው አናግሩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ... እህቴ ነሐሴ ላይ መሞቷን ያልሰማ የለም።

ኅዳር 5
አክስቴ መጣች። የእህቴን የስፌት መኪና ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ "ሆስፒታል ሳለች አደራ ብላኛለች። 'አክስትዬ፣ መኪናዬ ለልጅሽ ይሁን፤ የኔ ቆንጆ ትሥራበት' አለችኝ" አለች። እማዬ እኔን አየችኝ።
አሁን ነው ትዝ ያላት? ደግሞ እህቴ "የኔ ቆንጆ"? እኔን እንኳ "ጆሮ" ነበር የምትለኝ። "ጆሮ፣ መቀስ አቀብለኝ!" የአክስቴን ልጅማ "ጎርፍ" ነው የምትላት፤ የገባችበትን ቤት ስለምታተራምስ።

ኅዳር 6
መኪናው ከዚህ ቤት አይሄድም። መርፌው ሥር ያቺ ብጣሽ ጨርቅ አሁንም አለች። ሥራ ስትጨርስ ሁሌ ታስገባለት ነበር። "ጦሙን አይደር" እያለች።

ኅዳር 9
አክስቴ እማዬ ወዳለችበት ጓዳ ገባች። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጆሮ የተባልኩት በከንቱ አይደለም።
"ልጁ እኮ እንደ ሌባ ነው የሚያየኝ። በይ ያልሽኝን ብዬ እኔ ልጠላ?"
"እኔ መኪናው ይሂድ ብለው እሺ አይለኝም" አለች እማዬ። "የእሷን ቃል ግን አያጥፍም ብዬ ነው። በዚያ ክፍል ባለፍኩ ቁጥር ስትሰፋ ይሰማኛል። አልቻልኩም፣ እቴ..."
እማዬ?

ኅዳር 10
እማዬን አላናገርኳትም። የቤት ሥራውንም አልሠራሁ።

ኅዳር 12
አክስቴና ልጇ መኪናውን ሊወስዱ መጡ። እማዬ እኔን እኔን ታያለች።
"በሕልሜ መጣች" አልኩ። ውሸቴን ነው። "'ያቺ ጎርፍ መርፌዬን ትስበርና ጣቷን ባልሰፋው!' አለች። ደግሞ 'ጦሙን እንዳታሳድረው' ብላለች።"
"ጎርፍ እኔ ነኝ?" አለች የአክስቴ ልጅ።
እማዬ በጥርጣሬ አየችኝ... ከዚያ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ገና መሳቋ ነው። ስቃ ስቃ አለቀሰች። "ይቺስ ራሷ ናት" አለች።
መኪናውን ሲያወጡት፣ ጎርፍ ብጣሿን ጨርቅ እንዳትወድቅ በእጇ ደግፋ ወጣች።
ክፍሉ ባዶ ነው። "ጆሮ!" ያለኝ የለም። ግን በሩ ላይ ቆሜ "አቤት" አልኩ።