ታንክ ከላይ ሲታይ

ኅዳር 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የጀነሬተሩ ዘይት ተቀየረ። ማጣሪያው ጸዳ። መብራት ከጧት ጀምሮ አልጠፋም፤ ስለዚህ ዛሬ ሆቴሉ ውስጥ የሚፈልገኝ ሰው የለም። እጄን ታጥቤ ወደ ቆርኪዎቼ ተመለስሁ።

ሠላሳ ሁለት ቆርኪ። የቢራም የለስላሳም፣ ከቡና ቤቱ ወለል የለቀምኋቸው። በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ክብ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ መኪና እሥላለሁ። ታንክ፣ ብረት ለበስ፣ የጭነት መኪና። ለጨዋታ ነው። አትሳቅብኝ፣ አንተ ደብተር። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ አውቃለሁ።

ያስለመደኝ ፈረንጁ ነው። 7 ቁጥር ክፍል ሳምንት የሰነበተው፣ ጉንፋን ይዞት አብያተ ክርስቲያናቱን በወጉ ሳያይ የሄደው። ጠረጴዛ የሚያህል ካርታ ነበረው፤ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ፣ ተራራ፣ ሸለቆና መንገድ ያለው። ጦርህን ታሰልፋለህ፣ ነጠብጣብ ያለባትን ጠጠር ትጥላለህ፣ ወይ ትማርካለህ ወይ ትማረካለህ። ሲሄድ ካርታውንና ጠጠሯን ተወልኝ። መኪኖቹን ግን ወሰዳቸው፤ የልጁ ናቸው አለ። አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ሄደ። ካርታ ከላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ መኪናውም ከላይ እንደሚታይ ሆኖ መሣል አለበት። ከጎን ከሣልኸው የተገለበጠ ይመስላል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት ታንክ ነድቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥመዋለሁ። እርሳስ ያዝሁ፣ ተቀመጥሁ፣ አልመጣም። እኔ የማውቀው ከውስጥ ነው። ሁለቱን መሪ ዘንጎች፣ የናፍጣውን ሽታ፣ ጉልበቴን የሚመታኝን ብረት፣ ያችን ጠባብ ማያ መስታወት። ላዩ ላይ ወጥቼ ቆሜ አውቃለሁ፤ ግን ላዩ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የእግሩን ሥር ብቻ ነው።

ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጨዋታው ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ አንድ ነኝ። ቀኝ እጄ ለአንዱ ወገን፣ ግራ እጄ ለሌላው። ግራ አሸነፈ። ቀኝ አኮረፈ። እኔም አብሬ አኮረፍሁ።

ዘበኛው ይመር ገብቶ አየኝ። ዳማ መሰለው፤ ቆርኪ ያየ ሰው ሁሉ ዳማ ነው የሚመስለው። ልጫወት አለ። ሕጉን አስረዳሁት፣ ገባኝ እያለ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ አንዷ የጭነት መኪናው እየዘለለች ሦስት ብረት ለበሶቼን በላችና ጫፍ ደርሳ ነገሠች። ምን ብዬ ልከልክለው። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ትንሽ አጠረ እንጂ ብሎኝ ወደ በሩ ተመለሰ።

ሳቅሁ። መቼ እንደ ሳቅሁ ረስቼው ነበር። እሱ ሲወጣ ክፍሏ ይበልጥ ጭር አለች። ከጀነሬተሩ ቤት ጀርባ ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ራዲዮ። ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ስምንት ዓመት። ራዲዮው ስለ ሚሊኒየሙ ያወራል፤ ሁሉም ከዘመድ ወዳጁ ጋር እንዲያከብር ይመክራል። እሺ፣ ሰምተናል። ዘጋሁት።

ኅዳር 12፣ 10 ሰዓት

ኢንተርኔት ቤት ሄድሁ። ቤቱን የያዘችው ሰናይት ጻፈችልኝ፤ እኔ ፊደሉን ስፈልግ ቀኑ ይመሻል። ታንክ፣ ከላይ። ሥዕሉ የሚወርደው መስመር በመስመር ነው። መጀመሪያ ሰማይ። ከዚያ ሌላ ሰማይ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የመድፉ አፍ። ከጎን የተነሣ ነው። ሁለተኛውም ከጎን። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ዓለም ሁሉ ታንክን የሚያነሣው ከጎኑ ነው።

ሰናይት ወደ በሩ አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሼ ሞላ፣ ይሄን ነገር እዚህ ባይፈልጉት አለችኝ። ከምርጫው ወዲህ ሰው ሁሉ ጥላውን ይጠራጠራል። ለጨዋታ ነው አልኋት። ይባስ ፈራች። እውነቷን ነው፤ ሽበት ያወጣ ሰው ታንክ እየፈለገ ለጨዋታ ነው ቢል ማን ያምነዋል። እንጀራዋን እንዳላበላሽባት ተነሥቼ ወጣሁ።

ኅዳር 16፣ ከሰዓት

ዘዴ መጣልኝ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያ፣ መኪና ይበዛል። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣውን መንገድ ይዤ እስከ ግማሽ ወጣሁና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ማየት ጀመርሁ።

አይሱዙ ከላይ ሲታይ ሁለት ሳጥን ነው፣ ትንሽና ትልቅ። ላንድክሩዘር አንድ ሳጥን። ሰው ነጥብ ነው። ዋናው ነገር ጥላው ነው። ያለ ጥላ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ ጎኑ ቀጭን ጥላ ስትጨምርለት መኪናው ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ጥላው ደግሞ ለሁሉም በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ አለዚያ ሁለት ፀሐይ የወጣ ይመስላል። አሥራ ሁለት የጭነት መኪና እዚያው ጨረስሁ። አንድ ወደ ገዳሙ የሚወጡ እናት ምን ትቆጥራለህ ብለው ጠየቁኝ። መኪና አልኋቸው። እግዜር ይስጥህ ብለው አለፉ፤ ለማኝ መስያቸው ይሆናል።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ታንክ ግን በላሊበላ መንገድ አያልፍም፣ ተመስገን። ስወርድ ሐሳብ መጣብኝ። እኛ በሸለቆው ስንነዳ ልክ እንዲህ ከላይ ተቀምጦ ያየን ሰው ነበር። አንዱን አውቀዋለሁ። ደ.። ዛሬ ስለሱ አልጽፍም።

ኅዳር 19፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መሪጌታ ፀጋ ዘንድ ሄድሁ። ሠዓሊ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥለዋል፣ ለቱሪስትም በፍየል ቆዳ ላይ ቅዱሳንን ይሥላሉ። አሥራ ሁለት ቆርኪ ሰጥቼ ታንኩን በቃል አስረዳኋቸው። ክብ ራስ፣ ረጅም አፍንጫ፣ ሁለት ሰንሰለት። ስድስት አረንጓዴ፣ የመንግሥት ጦር። ስድስት ቡኒ፣ ታጋዮቹ የማረኩት።

ብሩሻቸውን አነሡና ጠየቁኝ። ጠላት የትኛው ነው? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አስተውሎ ያየ ሰው ለምን እንደ ጠየቁ ያውቃል። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አለው። ጠላት በጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ይህን ሳያውቁ እጃቸው አይንቀሳቀስም።

ሁለቱም ሙሉ ይሁኑ፣ መሪጌታ፣ አልኋቸው። ሁለቱም ሙሉ ከሆኑማ ሰርግ እንጂ ጦርነት አይደለም አሉ። ሳቅን። እርስዎ እንደሚያውቁት ብዬ ወጣሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት።

ኅዳር 24፣ ጧት 4 ሰዓት

ታንኮቹን ከመሪጌታ ተቀበልሁ። ቡኒዎቹ ከፊት ለፊት፣ ሁለት መብራታቸው እንደ ሁለት ዓይን ፈጦ፣ አክሊል ብቻ ነው የቀራቸው። አረንጓዴዎቹ ከጎን፣ ባለ አንድ ዓይን። ካርታው ላይ ደረደርኋቸው። እንደ ሞተ በሬ በጎናቸው ተጋደሙ።

ደሜ ፈላ። ተመልሼ ሄጄ ጠላቱ አረንጓዴው ነው ብሎ ማን ነገርዎ አልኋቸው። ገረማቸው። ጠላት የተሸነፈው ነዋ አሉ። ክፋት የለባቸውም። እሳቸው በሚያውቁት ሥዕል ውስጥ የተሸነፈ ሰው ሁለት ዓይን ኖሮት አያውቅም።

መሪጌታ፣ እኔ አረንጓዴውን ነበር የምነዳ አልኋቸው። ወታደር እንደነበርሁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ምን እነዳ እንደነበር ግን በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቆርኪዎቹን ሰብስበው ቢላዋ አመጡ። ይፋቃል፣ ልጄ፣ ቀለም አይደል አሉ። ፍቀው ሊሥሉልኝ፣ ብቻ ከላይ ምን እንደሚመስል እንድነግራቸው። አላውቅም፣ ከውስጥ ነበርሁ አልኋቸው። እንግዲያው ከላይ የነበረውን ጠይቅ አሉኝ። እሳቸው ቀላል ነገር የተናገሩ መስሏቸዋል።

ታኅሣሥ 1፣ ከሰዓት

እሺ፣ ልጻፈው። ደ. ማለት ደሳለኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ፣ የእናት ያባቴ ልጅ። እኔ በግዳጅ ተይዤ ሄድሁ፣ ታንከኛ አደረጉኝ። በዓመቱ እሱ ታጋዮቹ ዘንድ ገባ። እናታችን ለሁለታችንም በአንድ ጧፍ ትጸልይ ነበር። የማን ወገን እንዲያሸንፍ እንደምትለምን ጠይቄያት አላውቅም።

ጦርነቱ አለቀ። ከምርኮኞች ካምፕ ተለቅቄ በእግሬ አገሬ ገባሁ። ተመላሽ ወታደር ይመዝገብ ተባለ። ተሰለፍሁ። ጠረጴዛው ጋ ደሳለኝ ተቀምጧል፣ ሽጉጥ ታጥቆ። ቀና ብሎ አየኝ። ስም? አለኝ፣ ያገር ሰው ሁሉ እያየ። ሞላ አልሁት። ያባት ስም? አለ። ያንተው ነው አልሁት። ጻፈ። ቀጣይ አለ።

በነጋታው ላሊበላ ገባሁ። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ቃል አልተለዋወጥንም። እናታችን ስትቀበር በሬሳው ግራና ቀኝ ቆምን፣ ቀብረን ተለያየን። እሱም ወንበሩ ላይ ብዙ አልቆየም፤ አሁን ጋሸና ጎሚስታ አለው፣ ጎማ ይለጥፋል። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል።

እፈራለሁ። ጠይቄው እንደገና ከናቀኝ ወንድም የለኝም ብዬ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው። እስካሁን አልቆረጥሁም። ከዚህች ተስፋ በቀር ሌላ የለኝም፤ እሷን ነው የምይዘው ወይ የማጣው።

ታኅሣሥ 4፣ ጧት 12 ሰዓት ተኩል

ላክሁ። በአውቶቡሱ ሾፌር በጌጡ እጅ። ለአረንጓዴዎቹ ስድስት ክብ ወረቀትና አንድ መስመር። ታንክ ከላይ ምን እንደሚመስል ሣልልኝ፣ ለጨዋታ ነው፣ ሞላ። ሰላምታ የለውም። ሦስት ጊዜ ሰላምታ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሮጬ ላስመልሰው ነበር፤ ቆሜ አሳለፍሁት።

ታኅሣሥ 7

የለም።

ታኅሣሥ 9፣ 11 ሰዓት

ጌጡ አድርሻለሁ ይላል። ምን አለ? ምንም። አነበበው? አነበበው፣ ኪሱ ከተተው። ሌላስ? ሌላማ ጎማዬን ለጠፈልኝ። ከዚህ ሰው ወሬ ማውጣት ከድንጋይ ውኃ መጭመቅ ነው።

ታኅሣሥ 11

ሞኝ ነኝ። የሽማግሌ ሞኝ። ሥ/አስኪያጁ የገና በዓል ደረሰ፣ ሁለተኛውን ጀነሬተር አስነሣ ብሎ ሲጮህብኝ ዋለ። እንግዳ መግባት ጀምሯል፣ ግቢው በሳቅ ተሞልቷል፣ እኔን ግን ብርድ ብርድ ይለኛል። ካርታውን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትሁት። ከእንግዲህ አላወጣውም።

ታኅሣሥ 13፣ 11 ሰዓት

መጣ። በሲጋራ ካርቶን ተጠቅልሎ። ስድስቱም ተሥለዋል።

በእርሳስ ነው። የአውራ ጣቱ ጥቁር አሻራ ታትሞበታል። ደብተር፣ ይሄ ሰው ታንክ ያውቃል። ክቡ ራስ መሀል ላይ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ፊት ነው፤ እኔ እንኳ ለመሪጌታ አልነገርሁም። ከኋላ ሁለቱ የናፍጣ በርሜሎች። የሞተሩ ወንፊት። ጥላው ለስድስቱም በአንድ ወገን፣ ማንም ሳይነግረው። ጌጡ እንዳለው ትናንት ሥራ ፈትቶ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲሥል ነው የዋለው፤ የሚሰለፉትን መኪኖች ሂዱ እያለ።

አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። በስድስቱም ላይ፣ ከፊት በግራ በኩል፣ በክብ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ። መብራት መሰለኝ፤ መብራቱ ግን በቀኝ ነው። ወረቀቶቹን ገለበጥሁ። በአንደኛው ጀርባ ጽፏል። እንዳለ ልገልብጠው።

«አያ ሞላ። ነጥቧ የሾፌሩ ራስ ናት። መንገድ ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ነበር የምትሄዱት። ከተራራው ላይ ፊት አይለይም። ሁልጊዜ እፈልግህ ነበር። በእያንዳንዷ ውስጥ አንተ ነበርህ። ቢሆንም ተኩሻለሁ።»

አያ ብሎ ጀመረ፣ እንደ ልጅነታችን። እናታችን ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም። አለቀስሁ። ይመር እስከ በሩ መጥቶ፣ አይቶኝ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተመለሰ።

ታኅሣሥ 14፣ ከሰዓት

አልተቆጣሁም። ለምን አልተቆጣሁም እያልሁ ዋልሁ።

እኔ ሾፌር ነበርሁ፣ ተኳሽ አልነበርሁም። ይሄን ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግን መድፉን ተሸክሞ ወደዚያ ተራራ የነዳው ማን ነው? ተራራው ላይ ወንድሜ ይኑር አይኑር አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ማሰብ አልፈለግሁም። እሱ ቢያንስ የተኮሰው እያየ ነው። እኔ የነዳሁት ሳላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሱ እኔን ሲፈልግ እኔ እሱን አልፈለግሁትም። አሥራ አምስት ዓመት ያኮረፍሁት ግን እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 15፣ ጧት 11 ሰዓት ተኩል

ትናንት ማታ ሥ/አስኪያጁ ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈቃድ ትጠይቀኛለህ፣ አብደሃል ወይ አለኝ። ሁለት ቀን ብቻ አልሁት። ካልሰጠኸኝም እሄዳለሁ አልሁት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ ደንግጦ ፈቀደ። ጀነሬተሩ እንዴት እንደሚነሣ ለይመር አሳይቻለሁ። እግዜር ይርዳቸው።

ስድስቱን ታንኮች ቆርኪዎቹ ውስጥ ለጥፌያለሁ። ነጥቦቹን አልነካሁም። ካርታው ብብቴ ሥር ነው።

ጋሸና ስደርስ ደሳለኝን ምን እንደምለው አላውቅም። ሰላምታው ራሱ ያስፈራኛል። ካርታውን ጎማዎቹ መሀል እዘረጋለሁ። ታንኮቹን ለእሱ እሰጣለሁ፣ በሸለቆው መንገድ ይንዳቸው። ተራራውን እኔ እይዛለሁ። ጠጠሯን ይዤ፣ ስድስቱን ራሶች ቁልቁል እያየሁ፣ እጄ ይጥላት እንደሆነ አያለሁ።

ጌጡ ጥሩምባ ይነፋል። ደብተር፣ አንተን አልወስድህም።