የእማማ አስካለ ቁመት

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሱቅ ከፍቻለሁ። ዝናብ። እስካሁን ሦስት ሰው አቡጀዲ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም የለም አልኩ። አለ። ዘጠኝ ጣቃ፣ ጓዳ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ። አንተን እንኳ አልዋሽህም፣ ደብተሬ። ከመርካቶ ሊጠፋ ነው ሲባል ቀድሜ የገዛሁት ነው። ባሌ ከድር ትንሽ ታገሺ፣ ገና ይወደዳል ይላል። የሱቁ ኪራይ ጨምሯል፤ ካላገኘን እንዘጋለን። ደግሞስ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛው አልነበር?

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

አንድ ጣቃ አወጣሁ። ዋጋው የድሮው ሦስት እጥፍ። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ገቡ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ለመግነዝ ነው አሉ። ዋጋውን ተናግሬ ለክርክር ስዘጋጅ ትንፍሽ ሳይሉ ከፈሉ። ለሬሳ ማን ይከራከራል? ገበያ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ ማለቴ አስጠላኝ። ከዚያ ሻይ ጠጣሁና ተወኝ።

ረቡዕ፣ 8 ሰዓት

አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ለሟች በሚቆረጥ ጨርቅ አያተርፍም ነበር። እስላም ክርስቲያን አይልም፤ በገዛበት ዋጋ። ግን በሱ ጊዜ ጨርቅ ሞልቶ ነበራ! በድሮው ዋጋ ሸጬ ነገ በምን ልገዛ ነው? ከሞተ ሰው ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ከድር ደውሎ ትንሽ ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

እማማ አስካለ መጡ። ቤታቸው ከሱቃችን ጀርባ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ የምውለው እሳቸው ጋ ነበር። አሳደጉኝ ብል ውሸት አይደለም። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ሲመለሱ ነው የገቡት። መግነዛቸውን በቁማቸው ሊገዙ፣ ለራሳቸው! ልጅ የለኝ፣ በኋላ ማን ይሯሯጥልኛል ይላሉ፣ እየሳቁ።

ዋጋውን ነገርኳቸው። ተከራከሩኝ። በዚህ ሳምንት ለመግነዝ የተከራከረኝ ሰው እሳቸው ብቻ። ባለጉዳዩ ራሱ ሲመጣ ይከራከራል ለካ። ዕቃው የለም እማማ፣ እኔም ተወዶብኝ ነው አልኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። መሐረባቸውን ፈቱ፤ የቋጠሩት አልበቃም። ከዚያ ባንኮኒውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እስቲ ለኪኝ ልጄ። አርጅቼ አጥሬያለሁ፤ እንደ ድሮው ብዙ አልፈጅም።»

ሜትሩን ከራሳቸው እስከ እግራቸው ዘረጋሁ። ለካሁ። በያዙት ብር ልክ አሳጥሬ ቆረጥኩ። እግራቸው ጋ እንደማይዳረስ አውቃለሁ። ሲወጡ መረቁኝ። አንቺ ባትኖሪ ከየት አገኝ ነበር፣ ገበያ ይቅናሽ አሉኝ።

ምነው በሰደቡኝ!

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ስምንቱን ጣቃ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ ደረደርኩ። ለሟች በገዛሁበት፣ ለሌላው በመጠነኛ ትርፍ። ከድር አበድሽ እንዴ አለ። ኪራዩስ? አላውቅም አልኩት። የምሬን ነው፣ አላውቅም። ፈርቻለሁ። የማክሰኞዎቹን ሰዎች ቤት አላውቀውም፤ ትርፉን ልመልስላቸው የማን የለቅሶ ድንኳን እንደሆነ አጠያይቃለሁ።

ለእማማ ሙሉውን ቆርጫለሁ። አጣጥፌ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። የተቀበልኳቸውንም ብር ይዣለሁ። ግን ዝም ብዬ ብሰጣቸው ስጦታ ይመስላቸዋል። እንደገና ይመርቁኛል። ያንን አልችለውም። ስለዚህ ነበረኝ፣ ደብቄው ነው፣ ዋሸሁዎት እላለሁ። ደጃፉ ላይ፣ ጨርቁን ሳልሰጥ፣ ለምርቃት አፋቸውን ሳይከፍቱ።

ዝናቡ አባርቷል። በራቸው ክፍት ነው፣ ከዚህ ይታየኛል።