የጭሱ መንገድና ጋቢህ

ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ላረፍከው ለውዴ ለሙሉዓለም፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል። እኔም እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ አሁን እንደማያስልህ አውቃለሁ። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። የጉና ብርድ አንተ እንደምታውቀው ነው። የቤታችን ውስጥ ግን ተለውጧል፤ ይህንኑ ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

የሺ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅህ እናት ሆነች፣ አንተም አያት። ለመጀመሪያ ልጅ ወደ እናት ቤት መምጣት ልማድ አይደለም? ሆዷ ገፍቶ ከበር ስትገባ ደስ አለኝና ወዲያው ምድጃው ታየኝ። ቤታችን አንድ ክፍል፣ እሳቱ መሐሉ ላይ። አራስ ደግሞ በር ተዘግቶባት፣ እሳቱ ሳይጠፋ ነው የምትከርመው። የሺን ስወልድ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ስታለቅስ አንተ አጠገባችን ቁጭ ብለህ በጋቢህ ጭሱን ከፊቷ ስታባርር ትውል ነበር።

ሁልጊዜም ጭሱ በሚሄድበት በኩል ነበር የምትቀመጠው። ነፋሱ ዞሮ ወደ እኔ ሲመጣ ተነሥተህ ቦታ ትለውጠኛለህ፣ «እኔንስ ለምዶኛል» እያልክ። የጣራው እንጨት በጭስ ነው የሚጸናው፣ ምስጥ አይደፍረውም ትል ነበር። እውነትህን ነው፣ ጣራው ጸንቷል። ደረትህ ግን አልጸናም።

ግድግዳው ላይ የለጠፍክልኝን አሮጌ ጋዜጣ ታስታውሳለህ? ፊደል የለየሁት ከዚያ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ጥላሸቱን እየጠረግሁ ቃል በቃል አነብ ነበር፤ ጥቂት ሳይቆይ መልሶ ይጠቁርብኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ የምድጃ ጭስ የሕፃን ሳንባ እንደሚጎዳ ስትነግረኝ ዓይኔ ወደዚያ ግድግዳ ሄደ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ግንበኛውን የጎረቤታችንን ልጅ አበጀን ጠራሁት። ምድጃውን ከመሐል አንሥቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋው፣ በድንጋይና በጭቃ ከለለው፣ የቆርቆሮ ቱቦ ሰክቶ ከጣራው በላይ አወጣው። በዚያው በኩል ዝቅ ያለች ትንሽ መስኮት ከፈተ። እሳቱ ሲቀጣጠል ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ብታየው ትስቅ ነበር፤ የምትሸሸው ነገር አጥተህ የት እንደምትቀመጥ ይጠፋህ ነበር።

የሺ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ መጣች። ከሐሙሲት እህትህ እታለም አራሷን ሊጠብቁ መጡ። ደግነታቸውን ታውቀዋለህ፤ ፍርሃታቸውንም ታውቀዋለህ። አራስ ያለችበት ቤት መስኮት ተከፍቶ ሲያዩ ክው አሉ። ነፋስ ይገባባታል፣ ምች ይመታታል አሉ። እኔም ዘንቢሌን አንሥቼ ወደ ገበያ ወጣሁ፤ መውጣቴን እሺታ አድርገው ወሰዱት መሰለኝ።

ገበያ ደርሼ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሰው ከሰው አይተያይም። ልጅቱ ታስላለች። ያቺ ትንሽ ሳል የአንተን ሳል አመጣችብኝ። ሕፃኗን ይዤ ወጣሁ፣ የሺንም ደግፈን አወጣናት። እታለም ዓይናቸውን እየጠረጉ ይህ ቧንቧ ልጅቱን ሳይገድላት ነገ ይነቀል፣ ምድጃውም ወደ ቦታው ይመለስ አሉ። እኔም ቱቦው ከዳኝ ብዬ አምኜ ነበር።

አበጀ ተጠርቶ መጣ። አፍንጫውን ይዞ ገባ፣ ጣራ ላይ ይወጣል ስንል ግድግዳውን ይዳብስ ጀመር። ከዚያ ከመስኮቱ አንድ ትልቅ ጨርቅ መዞ አወጣ። ጭሱ ወዲያው ወደ ቱቦው ዞረ። ከታች አየር ካልገባ ከላይ ጭስ አይወጣም፣ እናንተ አንቃችሁት እሱ በምን ይተንፍስ አለን እየሳቀ። ጨርቁ ጋቢህ ነበር። እታለም ከመስቀያው አውርደው አራሷን ከነፋስ ሊያድኑ መስኮቱን ደፍነውበታል።

ተቀብለውት ፊታቸው ላይ አደረጉት። ወንድሜን ወንድሜን ይሸታል አሉ። የሚሸተው ጭስ ነበር። ሁለታችንም ይህን አወቅን። ጋቢውን ከፊታቸው አውርደው፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ግን አራሷን ነፋስ አይንካት አሉ። ራሳቸው መላውን አመጡ። አልጋውን ወደ ሌላኛው ጥግ አዞርነው፤ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ገመድ ወጠሩና ጋቢህን መጋረጃ አደረጉት። አሁንም ከልጅ ፊት ቆመሃል።

ያን ዕለት የተነቀለ ነገር የለም። ልጅቱን ሳሉ በሳምንቱ ተዋት። እታለም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አበጀን አስከትለው ሄዱ፤ የሳቸውም ምድጃ ከመሐል ሊነሣ ነው። ግድግዳው ላይ አዲስ ጋዜጣ ለጥፌያለሁ፣ እስካሁን እንደነጣ ነው። ልጅቱ ለፊደል ስትደርስ ጨርቅ ሳትይዝ ታነበዋለች።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ አትቀየመኝ። ጋቢህን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሽታህ ይጠፋብኛል ብዬ ብዙ ቀን ስፈራ ከረምኩ። በኋላ ግን አንተን በጭስ ሽታ አላስብህም ብዬ ቆረጥኩ። ጠዋት ጠዋት ያቺን መስኮት ስከፍት ስምህን እጠራለሁ፤ ልጅቱም እየሰማችው ታድጋለች። አያቴ ማን ነበር ብላ የጠየቀችኝ ቀን፣ ጭሱ በሚመጣበት በኩል ይቀመጥልን የነበረ ሰው ነው እላታለሁ።

ባለቤትህ አስካል