እዚያ ቤት ማንም የለም አልኳቸው

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አምሀ፣ ድሬዳዋ።

እንደምን ከረማችሁ? እማማስ እንዴት ናት? ጉልበቷን አሁንም ያማታል ወይስ ሙቀቱ አሻላት? እትዬ የሺመቤትስ? መንትዮቹ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤቱን ገልብጠው ሳይጨርሱት አይቀሩም። በሽታው ወደ ሰፈራችን ገባ ሲሉ ሰምቼ ሰውነቴ ተሸማቀቀ። እኔ አልታመምኩም፣ ሳልም ትኩሳትም አልነካኝ። ይህን የማስቀድመው የቀረውን ስታነብ ልብህ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።

ምናልባት ከዚህ ወረቀት በፊት ሌላ ወሬ ይደርስህ ይሆናል። አሠሪዬ ማዳም እዚህ ላስቀጠረኝ ደላላ ደውላ "ሃይማኖቷን ለውጣ ጠፋች በልልኝ" እንደምትለው ዝታብኛለች። እንዳታምነው። አልጠፋሁም፣ ተባርሬ ነው። ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በመጋቢት አጋማሽ ጅቡቲ ከተማ ሲዘጋ ማዳም "ከዚህ በር ያለ ፈቃዴ ከወጣሽ ተመልሰሽ አትገቢም፣ በሽታ ታመጪብኛለሽ" አለችኝ። የሷ እህቶች ግን በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። ጋቦዴ በሚባለው ሰፈራችን ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ናቸው፤ ልብስ የምናሰጣውም ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ነው። ከጎን ካለው ቤት ሲምቦ የምትባል የእኔ እኩያ ትሠራ ነበር። የጭሮ አካባቢ ልጅ ናት። ወደ የመን ልትሻገር በእግሯ መጥታ፣ ጀልባውን ስታይ ፈርታ እዚሁ ቀረች። ምንም ወረቀት የላትም። ልብስ እያሰጣን በግንቡ ላይ ስናወራ እንውል ነበር፤ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ሚያዝያ ላይ ማሳል ስትጀምር አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀው ግቢው ውስጥ ካለው ዕቃ ቤት አስተኟት። ሥራውን ግን አላስቀሩላትም።

የዳግማ ትንሣኤ ማግስት በራችን ተንኳኳ። ማዳም ተኝታ ስለነበር እኔ ከፈትኩ። አፋቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ "ዲያቆን አልአዛር እባላለሁ" አለኝ፤ የእኛው ኦርቶዶክስ ነው። አንዷ የካቶሊክ መነኩሲት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጴንጤ። እስቲ ፍረደኝ ጋሼ! እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጥላ ሥር ቆመው አይተህ ታውቃለህ? ቤተ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ተዘግተው ሳለ እነሱን በየሰው ደጅ ምን ያዞራቸዋል? ደብተር ይዘዋል። ስሜን፣ ፓስፖርቴ በማን እጅ እንዳለ፣ ከቤት እወጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያ ደላላም ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ስምና ፓስፖርት ነበር፤ እሱም እንዲሁ በለሰለሰ አንደበት። "ሁሉ ደህና ነው" አልኳቸው።

አልአዛር ወደ ጎረቤት እያመለከተ "እዚያ ቤትስ የአገራችን ልጅ አለች?" አለኝ። ሊያስይዟት ነው፣ ከድንበር ወዲያ ሊጥሏት ነው ብዬ አሰብኩ። "እዚያ ቤት ማንም የለም" አልኳቸው። ደብተሩ ላይ ሲጽፉት አየሁ። ብልጥ ሆኜ ጓደኛዬን ያተረፍኳት መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ሲምቦ ጣሪያ ላይ የታየችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ጠበቅኳት። በአራተኛው የዕቃ ቤቱን ግድግዳ በእኛ በኩል ባንኳኳ፣ ከወዲያ ማዶ በጥፍር የመቧጨር ድምፅ መለሰልኝ። መናገር አቅቷት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማዳም ሽንኩርት አልቆባት ሱቅ ላከችኝ፤ ለሷ ጉዳይ ስወጣ በሽታው አይዘኝም መሰለኝ። ባለሱቋ ጀዋሪያ የሐረር ሰው ናት። ረመዳን ስለነበር ጾማ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣለች። ስለ እነዚያ ሰዎች ጠየቅኳት። "ሩዝና ዘይት የሚገዙት ከእኔ ነው" አለችኝ። "እኔም ጠርጥሬ ተከትያቸው ነበር። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሰጣሉ። ሩዝ ሰጥተው ዝም ቢሉ ማን ይጠላቸው ነበር? የዘጋችሁባትን ልጅ አውጡ፣ ፓስፖርቷን መልሱ እያሉ ደጅ ስለሚቆሙ ነው ሰዉ የጠመዳቸው።" ከዚያ ቁጥራቸውን አውጥታ ስልኳን አቀበለችኝ። ደውዬ "ጎረቤቱን ቤት እንደገና ጠይቁ" ብቻ አልኳቸው፤ መዋሸቴን ግን አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም መጡ። የጎረቤቱ አባወራ በሩን ገርበብ አድርጎ "ሠራተኛ የለኝም" አላቸው። አልአዛር ደብተሩን ገልጦ አየ፤ የእኔ ቃል እዚያው ተጽፏላ! ያን ጊዜ ማዳም እያየችኝ መንገድ ላይ ወጣሁና "ዋሽቻችሁ ነው! አለች፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ናት!" ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ የቤታችን ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። የለበስኩት ልብስ ብቻ ቀረኝ።

ሰዎቹ አልተሳደቡም፣ በሩንም አልገፉም። መነኩሲቷ ደፉ ላይ ተቀመጠችና "እስክትወጣ ድረስ እዚሁ ነን" አለችው። የድሬ ፀሐይ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ጥላ ነው በለው። ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። የቀትር አዛን ሲሰማ ሰውየው አፈረ መሰለኝ፣ ከፈተ።

ሲምቦን በአንሶላ ተሸክመን አወጣናት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች፤ ያው የዘመኑ በሽታ ነው። ሐኪሙ "ከሳምንት በፊት ብትመጣ ሳንባዋ እንዲህ ባልተጎዳ" አለ። ሰዎቹ መጀመሪያ ከመጡ ስንት ቀን እንደሆነው አንተው ቁጠረው።

አሁን ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ቤተ ክርስቲያኖቹ በተከራዩት ግቢ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጠናል። እውነቱን ልንገርህ፣ እስካሁን ልቤን አልጣልኩባቸውም። በበላሁ ቁጥር በምላሹ ምን ሊጠይቁኝ ይሆን እላለሁ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ፣ የታመመችም እንዳይዘጋባት የሚል ማመልከቻ ለመንግሥት ሊያስገቡ ነው። ሌሎቹ ወዲያው ፈረሙ፤ እኔ ሦስት ጊዜ አስነብቤ፣ ጀዋሪያንም አማክሬ ነው የፈረምኩት። አልአዛር አይቆጣኝም፣ "ጠይቂ" ነው የሚለኝ። የማይቆጣ ሰው ደግሞ ይብስ ያስጠረጥረኛል።

ባለፈው እሑድ ለሲምቦ ምን ብዬ እንደነበር ነገርኳት። እሷም "እኔም ስለ አንቺ ቢጠይቁኝ የለችም እል ነበር" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም ባልዲ ውኃ ይዛ ግቢውን ለማቋረጥ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር አለ። የሲምቦ እናት ልጄን ባሕር በላት ብለው ለቅሶ ተቀምጠዋል። ደውላላቸው ነበር። በሳሉ ድምጿ ተለውጦ ስለነበር "እናንተ ደላሎች፣ በሞተች ልጄ ስም ልትዘርፉኝ!" ብለው ዘጉባት። እኔ አልፈርድባቸውም። ኦሮምኛውን አንተ ትችላለህና ራስህ ሂድላቸው፤ የቀበሌውን ስም በሌላ ወረቀት አድርጌዋለሁ። አላምንም ካሉህ ይህን በላቸው፦ "ሲምቦ በልጅነቷ ስትጫወት የወተቱን ጮጮ ሰበረች። አባቷ እንዳይመቷት፣ ጥጃው ረግጦት ነው ብለው የዋሹላት እርስዎ ነዎት።" ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ታዬ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ፖስታው መዝጊያ ላይ ፈርሜበታለሁ፤ ፊርማዬ ተቀዶ ከደረሰህ ተከፍቷል ማለት ነው።

እትዬ የሺመቤትን አቅፈህ ሳምልኝ። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፣ እጃቸውን ይታጠቡ። ጎረቤታችንን ጋሽ ጎሳዬን ከደጅ ሆነህ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፣ ዕድሜያቸው ነውና አትጠጋቸው። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ነው ያሳደገችን፤ አልተሳሳተችም። ብቻ በእኔ ጥርጣሬ የተመነጠረችው ሌላ ሰው ሆነች። ጭሮ ደርሰህ ስትመለስ፣ እናቷ ምን እንዳሉ ከነቃላቸው ጻፍልኝ፤ ሲምቦ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች።

እህትህ ራኬብ
ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3
ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.